ጋዜጠኛው «ተቀበል!» ሲባል

የነጻ ምሳ፣ የነጻ ትኬትና የአንባቢ ዕዳ

በእኛ ባህል ተጋብዞ የሄደ ሰው የወጡን ጨው አያማርርም። ሽሮው ቢቀጥንም፣ ዶሮው ቢያርም «እጃችሁ ይባረክ» ብሎ ይነሣል። ይህ ጨዋነት እንጂ ውሸት አይባልም፤ ማንንም አይጎዳም፤ የጋባዡንም ልብ ደስ ያሰኛል። ዳሩ ግን ያ እንግዳ ጋዜጠኛ ቢሆንስ? በማግሥቱ ብዕሩን አንሥቶ ስለዚያው ቤት ለብዙ ሺህ አንባቢ የሚጽፍ ቢሆንስ? ያን ጊዜ «እጃችሁ ይባረክ» ከምርቃትነት አልፎ ምስክርነት ይሆናል። ከባለጉዳዩ ገበታ በልቶ የመጣ ምስክር ደግሞ በዛፍ ሥር በሚቀመጥ ሸንጎ ፊት እንኳ ሳይጠየቅ አያልፍም።

ነገሩ በምሳ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ለጋዜጠኛ የአውሮፕላን ትኬት ይቆረጥለታል፤ ሆቴል ይያዝለታል፤ የሙዚቃ ድግስ መግቢያ ይሰጠዋል፤ በበዓል ሰሞን ስጦታ ይላክለታል፤ አንዳንዴም ስብሰባው ሲያበቃ የታሸገ ፖስታ እጁ ውስጥ ሸጎጥ ይደረግለታል። ማንም ሰው ይህን ጉቦ ብሎ አይጠራውም። «ግብዣ ነው»፣ «ማስታወሻ ናት»፣ «ለትራንስፖርት ያህል ነው» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜም ሰጪው በምላሹ ምንም አይጠይቅም። እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ምንም ያልተጠየቀበት ስጦታ ምን ጉዳት አለው? ጉዳት ካለውስ ተጎጂው ማን ነው?

አንድ ምግብ ቤት፣ ሁለት መስተንግዶ

በ1993 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሩት ራይክል የተባለች ጋዜጠኛ ከሎስ አንጀለስ ታይምስ ተነሥታ የኒው ዮርክ ታይምስ የምግብ ቤቶች ሐያሲ ሆነች። የዚህ ጋዜጣ ሐያሲ የሚሰጠው የኮከብ ቁጥር አንድን ምግብ ቤት ሊያቆም ወይም ሊጥል የሚችል ነው። ስለዚህም ሴትዮዋ ገና ሥራዋን ሳትጀምር ፎቶግራፏ በከተማዋ ታላላቅ ምግብ ቤቶች ማድ ቤት ተለጥፎ አስተናጋጆች መልኳን እንዲያጠኑ ተደርጎ ነበር።

ራይክል ይህን ስትሰማ መላ ፈጠረች። ሰው ሠራሽ ጸጉር አጠለቀች፤ አለባበሷንና ስሟን ለወጠች፤ እንደ አንድ ተራ ሴት ሆናም በዘመኑ አራት ኮከብ ወደነበረው «ለ ሲርክ» ወደተባለው ምግብ ቤት ሄደች። አስቀድማ ቦታ ብትይዝም በባሩ በኩል ቆማ እንድትጠብቅ ተደረገች። ሲጋራ የማይጨስበት ቦታ ብትጠይቅም ሲጋራ ከሚጨስበት ወገን አስቀመጧት። የወይን ጠጁን ዝርዝር ይዛ ስታነብ የአስተናጋጆቹ አለቃ መጥቶ ለሌላ ሰው እንደሚፈልገው ነግሮ ከእጇ ወሰደው።

በሌላ ቀን ግን ማንነቷ ታወቀ። ከታወቀች በኋላም በአንድ ዕለት የስፔን ንጉሥ በባሩ በኩል እየጠበቁ መሆናቸውን፣ የእሷ ጠረጴዛ ግን ዝግጁ መሆኑን የቤቱ ባለቤት ራሱ ነገራት። መቀመጫዋ ተሻሻለ፤ ያልታዘዘ ምግብ ይጎርፍ ጀመር፤ በጣፋጩ ላይ የሚደረገው ራስበሪ የተባለው ፍሬ እንኳ ሦስት እጥፍ የሚያህል ሆኖ ቀረበ። በኦክቶበር 1993 ራይክል ሁለቱን መስተንግዶዎች ጎን ለጎን አድርጋ ጻፈች፤ ከአራቱም ኮከቦች አንዱን ቀነሰችበት።

ይህ ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ራይክል በሁለቱም ቀን ሒሳቧን የከፈለች በመሆኗ ነው። ማንም በነጻ አላበላትም። መታወቋ ብቻ የፍሬውን መጠን ለወጠው። እንግዲህ ሐያሲው ጭራሽ ተጋብዞ ሲሄድ፣ ቀኑ ተቀጥሮ፣ ምግብ አብሳዩ ተነግሮት፣ ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ሲቀበለው የሚቀርበው ምግብ ሌላ ቀን ለሚመጣው ተራ ተመጋቢ የሚቀርበው ሊሆን እንዴት ይችላል? ጋዜጠኛው በቅን ልቡና ያየውን ቢጽፍ እንኳ አንባቢው የማያገኘውን ነገር ነው የሚጽፈው። የነጻ ግብዣ የመጀመሪያው ጉዳት ይህ ነው። የጋባዡን መልካም ቀን እንደ ዘወትር ቀን አድርጎ ያሳያል።

ከዚህ የተነሣ ነው ኒው ዮርክ ታይምስ ከቀድሞው የምግብ ገጽ አዘጋጁ ከክሬግ ክሌይቦርን ጊዜ፣ ማለትም ከ1957 ወዲህ፣ አንድ ልማድ ይዞ የቆየው። ሐያሲው ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ይሄድ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ ይሄዳል፤ ሒሳቡን ጋዜጣው ይከፍላል። በ1936 የተመሠረተው ኮንስዩመር ሪፖርትስም እንዲሁ የሚፈትሸውን መኪናም ሆነ ማቀዝቀዣ እንደማንኛውም ሰው ከገበያ ገዝቶ ነው የሚመረምረው። ፋብሪካው መርጦና አጽድቶ የሚልክለትን ዕቃ ለፈተና አይወስድም።

10 ሺህ ሰው የተጠራበት ድግስ

ሁለተኛው ጉዳት የረቀቀ ነው፤ እሱም ውለታ ነው። በኦክቶበር 1986 በፍሎሪዳ የሚገኘው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ 15ኛ ዓመቱን ሲያከብር 10 ሺህ ያህል ሰዎችን ከየአቅጣጫው ጠራ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ጋዜጠኞችና አብረዋቸው የመጡ ሰዎች ነበሩ። በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚቆጠረውን ወጪ ኩባንያው ከአየር መንገዶች፣ ከሆቴሎችና ከቱሪዝም ድርጅቶች ጋር ተካፈለው። ለጋዜጠኞቹም ሦስት ምርጫ ቀረበላቸው። አንደኛው ሁሉን ነገር በነጻ መውሰድ፣ ሁለተኛው በቀን 150 ዶላር መክፈል፣ ሦስተኛው ሙሉ ወጪውን መቻል ነበር።

ብዙዎች የመጀመሪያውን መረጡ። አንዳንድ ጋዜጦች ግን ወጪያቸውን ሸፍነው ላኩ፤ ሌሎችም ጭራሽ ቀሩ። በሙያው ሰዎች መካከልም ብርቱ ክርክር ተነሣ። ጋባዦቹ «እኛ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ አላልንም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አላሉም። ማለትም አያስፈልጋቸውም ነበር። ቤተሰቡን ይዞ ለሦስት ቀን ሲበላ፣ ሲጠጣና ሲዝናና የከረመ ሰው ወደ ቤቱ ተመልሶ ስለ መግቢያው ዋጋ ውድነት ወይም በፀሐይ ስለሚያቆመው ሰልፍ ሊጽፍ ሲነሣ እጁ ይከብደዋል። ማንም አልከለከለውም። የከለከለው ይሉኝታ ነው።

ይሉኝታን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። ይሉኝታ ሰውን አብዛኛውን ጊዜ ውሸት አያናግረውም፤ ዝም ያሰኘዋል እንጂ። የተጋበዘ ጋዜጠኛ ጽሑፍ ውስጥም ጥፋቱ የሚገኘው በተጻፈው ቃል ሳይሆን ባልተጻፈው ነው። ለዚህም ነው በአንባቢ ዓይን የማይታየው። የተጻፈ ውሸት አንድ ቀን ይጋለጣል፤ ያልተጠየቀ ጥያቄ ግን ማን ያስታውሰዋል?

የአሜሪካ የሙያ ጋዜጠኞች ማኅበር በ1973 ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ጋዜጠኛ ዋጋ ያለው ነገር እንዳይቀበል ደንግጓል። ደንቡ በ1996ና በ2014 ሲሻሻልም ስጦታን፣ ውለታን፣ የነጻ ጉዞንና ልዩ አያያዝን እምቢ ማለት እንደሚገባ የሚናገረው ቃል አልተነሣም። በ1987 መታተም የጀመረው ኮንዴ ናስት ትራቨለር የተባለው የጉዞ መጽሔት ሲመሠረት የነጻ ጉዞ አልቀበልም ማለቱን እንደ ዋና መለያው አድርጎ ነበር የተነሣው። ሌላው ቀርቶ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋር በአውሮፕላናቸው ተሳፍረው የሚሄዱ ጋዜጠኞችን የጉዞ ሒሳብ መሥሪያ ቤቶቻቸው ይከፍላሉ። ዘጋቢው ከፕሬዚዳንቱ ጥቂት ወንበሮች ርቆ ይቀመጥ እንጂ እንግዳቸው አይደለም።

ዘፈኑና ገንዘቡ

በዚህ ጉዳይ ሕግ የወጣበት አንድ ታላቅ ቅሌት አለ። ሮክ ኤንድ ሮል የሚለውን ስም በሬዲዮ ካስፋፉት ሰዎች ዋነኛው አለን ፍሪድ ነበር። በ1950ዎቹ እሱ ያጫወተው ዘፈን በየቤቱ ይሰማ ነበር። ያን ጊዜ የሸክላ አሳታሚዎች ዘፈናቸው ተደጋግሞ እንዲጫወት ለሬዲዮ አቅራቢዎች ገንዘብና ስጦታ በድብቅ ይሰጡ ነበር፤ ይህም «ፔዮላ» ይባላል። በ1959 ነገሩ ሲወጣ ፍሪድ ጉቦ ተቀብዬ አላውቅም ብለህ ፈርም ቢባል እምቢ በማለቱ ይሠራበት ከነበረው ከደብሊው ኤ ቢ ሲ ሬዲዮ ተባረረ። በ1962 ጥፋተኝነቱን አምኖ 300 ዶላር ተቀጣ። ቅጣቱ ትንሽ ቢሆንም ስሙ ግን አልተነሣም፤ በ1965 ሞተ።

የአሜሪካ ምክር ቤት በ1960 ጉዳዩን መርምሮ ሕግ አወጣ። ስለዚህ ሕግ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሕጉ በዋናነት የሚቃወመው ገንዘቡን ሳይሆን ድብቅነቱን ነው። ለሬዲዮ ሥርጭት ገንዘብ ወይም ዋጋ ያለው ነገር ከተከፈለ ከፋዩ ማን እንደሆነ ለአድማጭ በግልጽ መነገር አለበት። ይህን የደበቀ እስከ 10 ሺህ ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስራት የሚደርስ ቅጣት ሊያገኘው ይችላል። ሕጉ ቋንቋ አይለይም። በአሜሪካ ከአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ላይ በሳምንት አንድ ሰዓት ተከራይቶ በአማርኛ የሚያሰራጭ የማኅበረሰብ ፕሮግራምም ይመለከተዋል። «የዚህን ድምፃዊ አዲስ ሥራ ስሙልን» ተብሎ የተከፈለበት ዘፈን ሲጋበዝ አድማጩ መክፈሉን የማወቅ መብት አለው።

ሕጉ ቢኖርም ፈተናው አልቀረም። በ2005 ሶኒ ቢ ኤም ጂ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ለሬዲዮ ሰዎች በጉዞና በዕቃ መልክ ስጦታ ሲሰጥ በመገኘቱ ከኒው ዮርክ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ጋር 10 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ለመስማማት ተገድዷል። በ2009 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን መመሪያውን አሻሽሎ ዕቃ በነጻ ተሰጥቶት ስለዚያው ዕቃ በኢንተርኔት የሚጽፍ ሰው መቀበሉን እንዲያስታውቅ አዘዘ። ዛሬ በየዩቲዩቡ «እዚህ ቤት የበላሁት ክትፎ ወደር የለውም» እያለ ለሚያሳይ ሰውም ይኸው መመሪያ ያገለግላል።

የአዝማሪው ግንባር

ይህን ነገር የአገራችን ሰው ከአሜሪካ ምክር ቤት ቀድሞ ያውቀው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አዝማሪ በመሰንቆው ሲያወድስ የሚከፈለው በአደባባይ ነው። ብሩ ምራቅ እየነካ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። ቤት ያለው ሰው ሁሉ ማን እንደሰጠ፣ ስንት እንደሰጠ ያያል። ባለ ግጥሙ «ተቀበል!» ይለዋል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ የተነገረውን ያዜማል። ማንም አይታለልም፤ ምክንያቱም ውዳሴው የማን እንደሆነ ገንዘቡ ፊቱ ላይ ተለጥፎ ይናገራልና።

ጋዜጠኛ ግን «ተቀበል!» ሲባል ገንዘቡን በፖስታ፣ ቃሉን በልቡ ይቀበላል። በማግሥቱ የሚያዜመው የሰው ቃል መሆኑን አንባቢ የሚያውቅበት ምልክት የለም። አዝማሪው ሐቀኛ የሆነበት ጋዜጠኛው ያልሆነበት ምክንያት ይኸው ብቻ ነው።

አበል፣ ፖስታና ደመወዝ

በአፍሪካና በእስያ ነገሩ የየራሱ ስም አለው። ናይጄሪያውያን «ቡናማው ፖስታ» ይሉታል። በጋና «ሶሊ»፣ በካሜሩን «ጎምቦ»፣ በኢንዶኔዥያ ደግሞ «አምፕሎፕ» ይባላል፤ ይህም ፖስታ ማለት ነው። በእኛ አገር የሚታወቀው በአበል ስም ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት ዓውደ ጥናት ያዘጋጃል፤ ጋዜጠኞች ይጠራሉ፤ ምሳ ይቀርባል፤ ሲያበቃ በመዝገብ ላይ ተፈርሞ «የትራንስፖርት» ይታደላል። በማግሥቱ ዓውደ ጥናቱ ዜና ይሆናል። አበል የማይከፈልበት፣ የገበሬው ችግር ወይም የሠራተኛው አቤቱታ፣ ዜና ሳይሆን ይቀራል።

በ2009 ብርሃኑ ሎዳሞና ኖርዌያዊው ቴርየ ሸርዳል ባሳተሙት ጥናት ይህ ልማድ በኢትዮጵያ ጋዜጠኝነት ውስጥ የተስፋፋ መሆኑን አሳይተዋል። ከምክንያቶቹም አንዱ የደመወዝ ማነስ ነው። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ምክንያት አይደለም። የቤት ኪራዩ ከደመወዙ የሚበልጥበትን ወጣት ዘጋቢ ከሩቅ ሆኖ መኮነን ቀላል ነው። ዳሩ ግን ድህነቱ ስጦታውን ቢያስረዳም ጉዳቱን አያስቀረውም። እንዲያውም ያብሰዋል። ጋዜጣው ለዘጋቢው የሚገባውን ሳይከፍል ሲቀር ደመወዙን የሚከፍሉት ዜና የሚሠራባቸው ሰዎች ይሆናሉ። ደመወዝ የሚከፍል ደግሞ አዛዥ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ለዚህ ችግር ሥር የሰደደ መሆን አንዱ ምስክር ነው። ለጌታ እጅ መንሻ ሳይዙ ደጅ መጥናት በማይታሰብበት አገር ውስጥ ለኖረ ሰው ጋዜጠኛን ባዶ እጁን መሸኘት እንደ ንፍገት ይቆጠራል። ሰጪውም ተቀባዩም ወንጀል እየሠራን ነው ብለው አያስቡም። ለዚህ ነው ጉዳዩ በስድብ ሳይሆን በውይይት ሊነሣ የሚገባው።

በስደት ሰፈር ያለው ዕዳ

ወደ እኛው ሰፈር እንምጣ። በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በፍራንክፈርት ወይም በዱባይ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በማያውቀው አገር መንገድ የሚጠይቀው በቋንቋው ከሚናገር ሰው ነው። የትኛው ጠበቃ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዬን ይይዝልኛል? ግብሬን ማን ይሠራልኛል? ለእናቴ የምልከውን ዕቃ ማን ያደርስልኛል? መልሱን የሚያገኘው ከዘመድ ካልሆነ በምግብ ቤት በር ላይ ከተቀመጠ ጋዜጣ፣ ከሬዲዮ ወይም ከስልኩ ላይ ነው። እዚህ ላይ የሚፈጸም ስሕተት እንደ መጥፎ እራት በማግሥቱ የሚረሳ አይደለም። በተሳሳተ መንገድ የተሞላ አንድ ቅጽ ሰውን ከአገር ሊያስወጣ ይችላል።

የቤት ነገር ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ባለፉት ዓመታት ገና መሠረቱ ላልተቆፈረ ቤት ቅድሚያ ክፍያ ከፍለው ለዓመታት ቁልፍ ሳይረከቡ የቆዩ በውጭ የሚኖሩ ወገኖች ጥቂት አይደሉም። እስቲ አንድ ቤት ሻጭ ኩባንያ ለአንድ የማኅበረሰብ ጋዜጠኛ ትኬት ቆርጦ ወደ አዲስ አበባ ወሰደው እንበል። ጥሩ ሆቴል አሳደረው፤ የናሙና ቤቱን በእብነ በረድ እንዳጌጠ አሳየው፤ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ራት አበላው። ጋዜጠኛው ተመልሶ «በዓይናችን አይተን መጣን» ብሎ ጻፈ። ዋሽቷል? አልዋሸም፤ አይቶ ነው የመጣው። ነገር ግን የቦታው ካርታ በማን ስም እንደሆነ አልጠየቀም። የግንባታ ፈቃድ ተሰጥቶ እንደሆነ አልጠየቀም። ካሁን ቀደም ከተሸጡት ቤቶች ስንቱ ለባለቤታቸው እንደተረከቡ አልጠየቀም። በጋባዡ ገበታ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ ነውር መስሎታል።

አንባቢውስ? ሌሊት ታክሲ ሲነዳ፣ ቀን ፓርኪንግ ሲጠብቅ የኖረው አባት ጋዜጣውን አጣጥፎ ለባለቤቱ ያሳያታል። በሰው ቤት ስትሠራ ለዓመታት ያጠራቀመችው እኅት ለጓደኛዋ ታነብላታለች። ቅድሚያ ክፍያው ይላካል። እንግዲህ የጋዜጠኛውን ትኬት በእውነት የከፈለው ማን እንደሆነ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ኩባንያው አበድሮት ነው እንጂ ከፋዩ አንባቢው ነው።

ትንሽ ጋዜጣ ምን ያድርግ?

ለዚህ የሚሰጥ መልስ አለ፤ መልሱም መሰማት ይገባዋል። «ኒው ዮርክ ታይምስ ሀብታም ነው። በሁለት ሰው የሚዘጋጅ፣ አዘጋጁ ራሱ ሌላ ሥራ ውሎ ማታ ማታ የሚጽፈው ጋዜጣ ትኬት ከየት አምጥቶ ይገዛል? ካልተጋበዘ መሄድ አይችልም፤ ካልሄደም አንባቢ ምንም አያውቅም» ይባላል። ደግሞም በስደት ሰፈር ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። አዘጋጁና የምግብ ቤቱ ባለቤት በቤተ ክርስቲያን፣ በዕድርና በለቅሶ ቤት ይገናኛሉ። ሒሳብ አምጡልኝ ቢል «እኔ በሕይወት እያለሁ አንተ አትከፍልም! በሞቴ!» ተብሎ ይማልበታል። ከዚያ በኋላ ብሩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ መውጣት እንደ ስድብ ይቆጠራል።

እውነት ነው፤ አንድ ስኒ ቡና እምቢ ብሎ ወዳጅነትን ማበላሸት ከማንም አይጠበቅም። ቡና ጠጥቶ ማንም ሰው ብዕሩን አልሸጠም። ዳሩ ግን በቡናውና በትኬቱ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ፤ መለያውም ቀላል ነው። የተሰጠኝን ነገር አንባቢ ቢያውቅ አፍራለሁ ወይ? ብሎ ራስን መጠየቅ ነው። የማያሳፍር ከሆነ ይጻፍ። የሚያሳፍር ከሆነ ይመለስ።

ማስታወቂያም ከዚህ ጋር መደባለቅ የለበትም። አንባቢ በነጻ የሚያነሣውን ጋዜጣ የማተሚያ ወጪ የሚሸፍኑት ምግብ ቤቶች፣ ጠበቆች፣ የጉዞ ወኪሎችና ሌሎች ነጋዴዎች ናቸው። ይህ ምንም ነውር የለበትም። ነጋዴው ቦታ ገዝቶ፣ ስሙን ጽፎ፣ ስልኩን አስቀምጦ «ወደ እኛ ኑ» ይላል፤ ግንባር ላይ እንደተለጠፈ ብር በግልጽ ይታያል። ችግሩ የሚጀምረው ማስታወቂያው የዜና ልብስ ለብሶ ሲመጣ፣ ወይም አንድ ነጋዴ ገጽ ስለገዛ ብቻ ስለ እሱ የሚነሣ አቤቱታ በመሳቢያ ውስጥ ሲቀር ነው።

ስለዚህ ለትንሽ ጋዜጣ የሚሆን መፍትሔ አለ፤ ዋጋውም ውድ አይደለም። አንደኛ፣ ስለ ምግብ ወይም ስለ አገልግሎት የሚፈርድ ጽሑፍ ከሆነ ሒሳቡን መክፈል ነው፤ የአንድ ምሳ ዋጋ ማንንም ጋዜጣ አያዘጋም። ባለቤቱ አልቀበልም ካለ ስለዚያ ቤት የመፍረዱን ሥራ መተው ይቻላል። ሁለተኛ፣ ጉዞው ካልተጋበዙ የማይቻል ከሆነ ከመሄድ በፊት ለጋባዡ «እንጠይቃለን፤ ያየነውን ሁሉ እንጽፋለን፤ ሳይታተም አናሳይም» ብሎ መናገር ነው። በዚህ የማይስማማ ጋባዥ ምን እንደፈለገ ገና ከጅምሩ ታወቀ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ በጽሑፉ ግርጌ «የአዘጋጁን የትኬትና የሆቴል ወጪ የሸፈነው ይህ ኩባንያ ነው» የሚል አንድ መሥመር ማስገባት ነው። አራተኛ፣ የተከፈለበትን ጽሑፍ ከላዩ ላይ «ማስታወቂያ» ብሎ በደማቅ ፊደል መጻፍ ነው።

ነጋዴውም ከዚህ የሚያተርፍ እንጂ የሚጎዳ አይደለም። ምግቡ ጥሩ የሆነ ሰው ከተጋበዘ ሐያሲ ይልቅ ከፍሎ የበላ ሐያሲ ቢያመሰግነው ይሻለዋል፤ ምስጋናው ይታመናልና። ሁሉም ቤት «ወደር የለውም» ከተባለ ግን በእውነት ወደር የሌለው ቤት ከሌላው በምን ይለያል?

የአንባቢው ድርሻ

አንባቢም ዝም ብሎ ተቀባይ መሆን የለበትም። አንድ ጽሑፍ ስለ አንድ ድርጅት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምስጋና ብቻ ሲሆን፣ አንዲት እንከን እንኳ ሳትጠቀስ መጨረሻው ላይ ስልክ ቁጥር ሲመጣ ቆም ማለት ይገባል። ጸሐፊው እዚያ ድረስ በማን ገንዘብ ሄደ? ከባለቤቱ ሌላ ማንን አነጋገረ? ገንዘቡን ከፍሎ ቤቱን የተረከበ፣ ጉዳዩን አስይዞ ፈቃዱን ያገኘ አንድ ሰው እንኳ በጽሑፉ ውስጥ አለ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለመጠየቅ ጋዜጠኝነት መማር አያስፈልግም።

ጥያቄውንም ለራስ ብቻ ይዞ መቅረት አይገባም። ለአዘጋጁ ስልክ መደወል፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ በለቅሶ ቤት ወይም በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲገኝም በትሕትና «ጋሼ፣ ያችን ትኬት ማን ነበር የገዛልዎ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ያልተቀበለ ሰው ለመመለስ አይቸገርም። የተቀበለም ቢሆን በግልጽ ከተናገረ ከነበረው የበለጠ ይታመናል። ጋዜጣው በነጻ ቢታደልም በውስጡ ያለውን አምኖ ገንዘቡን የሚያወጣው አንባቢው ስለሆነ ጥያቄው ይገባዋል።